ከአልጋው ሥር የቆየው ዘር

ያን ጠዋት ቤት ውስጥ አራት ነበርን። አክስቴ ዘነቡ ከአልጋው ሥር ጎትታ ያወጣችውን ስልቻ ከፊቷ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በሩን ተደግፋለች። እኔ መሀል ላይ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሬ እቆማለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አክስቴ የቡልጋ ገበሬ ናት። በየዓመቱ የዘር ጤፏን ፒያሳ ድረስ አምጥታ እኛ ዘንድ ታስቀምጥ ነበር። «ዘር ከተራበ ቤት አያድርም» ትላለች፤ ክረምት መግቢያ ላይ ጎተራው ሲራቆት የገዛ እጇን አታምነውም። ስልቻው የፍየል ቆዳና የጭስ ሽታ ነበረው፤ ማታ ስተኛ ከሥሬ ይሸተኛል፤ ደስ ይለኝ ነበር። ጤፉ ቡንኝ የሚሉት፣ ዘግይቶም ቢዘራ ቶሎ የሚደርስ ዓይነት ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለዘገየ ከእሱ ሌላ የሚደርስላት ዘር አልነበረም።

እኛ ግን በልተነዋል። አባቴ ታሞ የተኛ ጊዜ እናቴ «አንድ ጣሳ ብቻ» ብላ ጀመረች። ስልቻው ባዶ ሲቀር ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ካለው እህል ቤት መልኩ የሚመስለውን ቀይ ጤፍ አስገዝታኝ ሞላችው፤ ቋጠሮውንም እንደነበረው አሰረችው።

ዛሬ ሰባን አልፌ የጤፍ ዱቄት በኪሎ ነው የምገዛው። የየት አገር ጤፍ እንደሆነ ሻጩም አያውቅ፣ እኔም አልጠይቅ። አክስቴ ግን ታውቅ ነበር።

ቋጠሮውን ፈትታ አንድ እፍኝ ዘገነች። በአውራ ጣቷ መዳፏ ላይ አሸችው፤ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። ክንዷን አስገብታ ከሥር ሌላ እፍኝ አወጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አውቶቡሷ ሊነሳ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤፍ ነው ወርቅ የምትመርጪው?» አለቻት እትዬ አስካለ።

«ወርቅማ ቢዘሩት አይበቅል» አለች አክስቴ ቀና ሳትል። ከዚያ እናቴን፣ «የኔው ነው?» አለቻት።

«የማን ሊሆን ኖሯል? ማን ነክቶት!»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። የኔ ነው?»

የእናቴ ጣቶች ነጠላው ላይ ቆሙ።

«ነው» አልኩ።

አክስቴ እፍኙን መልሳ ስልቻው ውስጥ ጨመረችው። ተነሥታ ጤፉን እህል ማስቀመጫችን ውስጥ ገለበጠችው፤ ስልቻውን አንዲት ፍሬ እስከማይቀር አራገፈችው።

«ለልጅሽ ጋግሪላት» አለቻት እናቴን።

ባዶውን ስልቻ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወጣች።