ቀይ ነጥብ ያለበት ፋን

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽበታም ሰውዬ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ ገብቶ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የልጁ ነው። ልጅቷ ኮምቦልቻ ነው የምትማረው፤ ላፕቶፑ እዚህ ደሴ ሲሆን ደህና ይሠራል፣ እዚያ ሲወርድ ግን እንደ ፍም ይግልና ድርግም ይላል አለኝ። "እስኪ እርስዎ ይዩልኝ" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ድምፁን ስሰማ ካቻቢቴዬን አስቀምጬ ቀና አልኩ። ጌታነህ ነበር። እሱም አውቆኛል፤ ግን እንደማያውቀኝ ሆነ። እኔም እንደማላውቀው ሆኜ ነገ ከልጅዎ ጋር ይምጡ ብዬ ሸኘሁት።

ሰው እየቆየ ይረሳል ይላሉ። እንጃላቸው! ያን ሰውዬ ካየሁት ስንት ዘመኔ፣ ቂሙ ግን ወላሂ ትናንት የተቋጠረ ነው የሚመስለው።

ነገሩ የሆነው ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅን ተደራጁ በሚባልበት ዘመን ነው። እኔ ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ የሚባል ባለ ፎቶ ቤት ዘንድ ሠርግ እቀርጽ ነበር፤ ቪዲዮውንም እህቴ ከጅዳ በላከችልኝ ላፕቶፕ ኤዲት አደርግ ነበር። ጌታነህ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ የኔን ላፕቶፕ አይቶ ያንኑ ዓይነት ለጌታነህ ገዛለት። የዚያ ዘመን ፋሽን የሠርጉን ቪዲዮ ቶሎ ቆራርጦና ዘፈን ጨምሮ በመልሱ ቀን ዳስ ውስጥ በትልቅ ቴሌቪዥን ለእንግዳ ማሳየት ነበር። የኮምቦልቻ ሰዎች ሠርግ ሲኖራቸው ስሜን ጠርተው "ሰዓዳ ትምጣልን" ይሉ ነበር። ይቺ ነገር ጌታነህን አንገበገበችው።

ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ቤት ማለት ናቸው፤ አየራቸው ግን ለየቅል ነው። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር በጭጋግ ሹራብና ጋቢ ደርበን ሚኒባስ እንሳፈራለን፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰው አንድ በአንድ ልብሱን ያወልቃል፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ፓፓያ የሚሸጡት ሴቶች ጥላ ይዘው ይጠብቁናል። ላፕቶፕም እንደ ሰው ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይሞቀዋል። ስለዚህ የላፕቶፕ ነፍሱ ፋኑ ነው፤ ውስጡን የምታቀዘቅዘው ያቺ ትንሽ ማራገቢያ። የዚያ ጊዜዎቹ ሆዳቸው ላይ ክዳን ስለነበራቸው ጥቂት ብሎን ፈትቼ ፋኔን ቶሎ ቶሎ አጸዳ ነበር።

እናቴ ለጎረቤት ድግስ ሰሃን ስታውስ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርግበታለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የየራሷ ምልክት አላት፤ የአንዷ ሰረዝ ነው፣ የአንዷ ክብ ነው። ድግሱ ሲያልቅ ሰሃኑ ሁሉ ይገለበጥና እያንዳንዷ የራሷን ለይታ ትወስዳለች። እኔም አንድ ቀን ፋኔን ሳጸዳ የጌታነህም ላፕቶፕ አጠገቤ ተፈታቶ ስለነበር፣ ዕቃችን እንዳይለዋወጥ ብዬ የእናቴን ቀይ ነጥብ መሀሉ ላይ አደረግኩበት። ጌታነህ ይህን አላየም። ቢያይስ? የድግስ ሰሃን ገልብጦ አጥቦ የማያውቅ ወንድ ምን ብሎ ይገባዋል?

በሚያዝያ የአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ልጅ ተዳረች። የመልሱ ቀን ጠዋት ልወርድ ስዘገጃጅ ጌታነህ መጣና "አምጪው አቧራውን ላራግፍልሽ፣ እዚያ ሙቀት ነው" አለኝ። እኔ ሞኟ አመሰገንኩት! ቁርስ እንኳ ጋበዝኩት፤ ፉል በቅቤ።

ዳሱ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር፣ ሰዉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚያሳየው ጋ ሲደርስ ላፕቶፑ ድርግም አለ። አስነሳሁት፤ እንደገና እዚያው ጋ ሲደርስ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ የሙሽራው እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ምን ዓይነት ምልክት ነው?" አለች። ከኋላ አንዷ "ገደ ቢስ ናት ቪዲዮ ቀራጯ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሠርግ ላይ እንዲህ የተባለች ሴት አለቀላት። ማን ቤቱ ይጠራታል? ጋሽ ሙሉጌታ በነጋታው አሰናበተኝ። ጌታነህ በሰው ፊት፣ "ላፕቶፕ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታ ነው የምትሠራው፣ ምን ታድርግ" ብሎ ሳቀብኝ። የኮምቦልቻውም ሠርግ ሁሉ ለሱ ሆነ።

ቤቴ ገብቼ ክዳኑን ስፈታው ደሜ ፈላ። ውስጡ ያለው ፋን ክንፉ ያለቀ፣ ሲዞር የሚንኳኳ ነው። ቀይ ነጥብ የለበትም። የኔን ወስዶ የሱን ጥራጊ ከቶልኛል። አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ ሄጄ አንገቱን አንቄ አዋርደዋለሁ አልኩ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና፣ "ሰሃናችን ሰው ቤት ቢቀር እንሳደባለን እንዴ? ድግስ እንጠብቃለን። ድግስ ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ገልብጠን ሀቃችንን እናነሳለን" አለችኝ።

ጠበቅኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው የጠበቅኩት። መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለው ነበር።

ድግሱ ከዘመድ ቤት መጣ። የአክስቴ የዘይነብ ልጅ ፋጡማ በግንቦት ኮምቦልቻ ተዳረች። አክስቴ የሥጋ ዘመዴ ሆና ሳለ ቀረጻውን ለጌታነህ ሰጠችው። "አትቀየሚኝ ልጄ፣ የሰው አፍ ፈርቼ ነው" አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ ቂሜ ለሱ ብቻ ነበር የሚበቃው። የመልሱ ቀን ላፕቶፔን ዘንቢል ውስጥ፣ ካቻቢቴዬን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ከእናቴ ጋር ወረድኩ።

እኛ ወሎዎች እስላምና ክርስቲያን አብረን ደግሰን አብረን እንጫወታለን፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው የሚታረደው። የክርስቲያኖቹ ምሳ የተዘጋጀው አጥሩን ተሻግሮ ካለው ጎረቤት ቤት ነበር። ጌታነህና ጋሽ ሙሉጌታ ተጠርተው ወደዚያ ሄዱ። የኛም ሰዎች ሩዙንና የሥጋ ወጡን ለመብላት ወደ ቤት ገቡ። ዳሱ ውስጥ ላፕቶፑ ብቻውን ቀረ፤ አክስቴ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብላ በዳንቴል አልብሳዋለች። ዳንቴሉን ገለጥኩ፣ ገለበጥኩት፣ ብሎኑን ፈታሁ። ቀይ ነጥቤ ፊት ለፊት አየችኝ። የኔን ፋን ለኔ፣ የሱን ለሱ ገጥሜ፣ ዳንቴሉን እንደነበረ መልሼ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። የቀረውን ለኮምቦልቻ ፀሐይ ተውኩላት።

ጌታነህ አፉን እየጠረገ መጣ። ቪዲዮው ጀመረ፣ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ድርግም አለ። አስነሳው፤ ጠፋ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይበለው! የፋጡማ ዓይን እንባ ሲያቀርር ግን አላስችል አለኝ፤ ተነስቼ ፊልሙ ያለበትን ተነቃይ ዲስክ ከሱ ነቅዬ ከኔ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ያለ እንከን እስከ መጨረሻው ሄደ። አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ።

እንግዳው ገና ሳይበተን ጌታነህ ጋሽ ሙሉጌታን ይዞ መጣ። "ምን አድርገሽው ነው?" አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

"ሀቄን ወሰድኩ። ያንተን መልሼልሃለሁ" አልኩና የላፕቶፔን ሆድ ከፍቼ ቀዩን ነጥብ ለጋሽ ሙሉጌታ አሳየሁት። ጋሽ ሙሉጌታ አልገባውም። እናቴ ግን ከሴቶቹ መሀል ተነሳች፤ ለድግሱ ካዋሰችው ሰሃን አንዱን አንስታ ገለበጠችውና ከፋኑ ጎን ያዘችው። ያው ቀይ ነጥብ ነው። የዳሱ ሴት ሁሉ በአንድ ጊዜ "ኧኸ!" አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም፤ ሰሃን አውሶ የማያውቅ ቤት የለምና። ሁሉም ጌታነህን እንዴት እንዳየው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ሥራሽ ተመለሽ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። እምቢ አልኩት፤ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ጌታነህን ደግሞ ሠርግ የሚጠራው ጠፋ። ሰመራ ወረደ ሲሉኝ ሙቀቱን ይቅመሰው ብዬ ሳቅኩ። አሁንም ሲታሰበኝ እስቃለሁ፤ ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች ቆርቆሮው ሥር አልቆሙም።

ወደ ባለፈው ሳምንት ልመለስ፤ ጌታነህ በነጋታው ከልጁ ጋር መጣ። ፈገግታዋ ደስ የሚል፣ ጨዋ ልጅ ናት። ያረጀውን አውጥቼ አዲስ ደህና ፋን ገጥሜላት ነበር። ሆዱ ክፍት እንደሆነ አስነስቼ እንዴት እንደሚዞር አሳየኋት፤ ከዚያ አጠፋሁት። ፋኑ ሲቆም ጎንበስ ብላ አየችና "ይቺ ቀይ ነጥብ ምንድን ናት?" አለች።

ማታ ፋኑን ስገጥም በጥፍር ቀለም ያደረግኩባት ናት። መልሱን ለሱ ትቼ አባቷን አየሁት።

"ዕቃው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው" አላት አባቷ።

"ልክ ነው" አልኳትና ክዳኑን ገጥሜ ብሎኑን አጠበቅኩ። ልጅቷ ኮምቦልቻ ስትወርድ ላፕቶፗ ከእንግዲህ አይግልም፤ በሷ ምንም ቂም የለኝም። እሱ ግን በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ማን እንደሚዞር ያውቃል።