በቀይ የተከበበው ማክሰኞ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን እስካሁን ካላንደር ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የተከበበ ቀን እፈልጋለሁ። እጽፈዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። "ጻፊው እማ፣ ፊደሉን እኔ አርምልሻለሁ" ያለኝ ልጄ ነው። ይኸው አሁንም አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ያርማል።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ገበያ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን እሸጣለሁ። ያለን ልጅ አንድ ነው፤ ናትናኤል ይባላል፣ እኛ ናቲ እንለዋለን። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ፍርሃቴ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ስለ ታምራት ልንገራችሁ።

ታምራት ታናሼ ነው። ከሆሳዕና ገጠር መጥቶ እኛ ጋ እየኖረ ይማር ነበር። ናቲ ያኔ ገና ይድሃል። ታምራት በእጅ የሚያዝ ጌም ነበረው፤ ግራጫ ሆኖ ከልብስ ሳሙና ትንሽ የሚበልጥ። ከላይ ጡብ የሚመስል ነገር ይወርዳል፣ ክፍተት ሳይተዉ መደርደር ነው። ከገበያ ስመለስ እየተቀማማን እንጫወት ነበር። ሳሸንፈው ይናደዳል። "አንቺ እኮ ቀኑን ሙሉ ጎመን ስትደረድሪ ስለምትውዪ ነው!" ይለኛል። አንድ ቀን እኔ ጡብ ስደረድር ወጡ ከነድስቱ አረረ። ባሌ ሳይመጣ ብለን ድስቱን በአመድ ስንፈገፍግ፣ ሳቁ ይዞን መቆም አቃተን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ክረምቱ ሊገባ ሲል ታምራት ተለወጠ። ካላንደር ላይ አንድ ሐሙስን በእስክሪብቶ ከበበ። ስልክ ሲደወልለት ወደ ጓሮ ይወጣል። በሶ አስፈጨ። በእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወጣቶቹ በሞያሌ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ቀናቸውን ለእናትም ለእህትም አይናገሩም። እኔ አላስችል አለኝና ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

"ታምሬ፣ ልትሄድ ነው?"

"ኧረ አንቺ ደግሞ! የት እሄዳለሁ?" አለኝ።

የጠየቅኩት ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ድረስ እንኳ አልቆየም። ረቡዕ ጠዋት ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። ጌሙን ብቻ የስኳሩ ጣሳ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ከሞያሌ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ባልጠይቀው ኖሮ እስከ ሐሙስ ይቆይ ነበር፣ እስከዚያ ሐሳቡን ሊለውጥም ይችል ነበር እያልኩ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት ከቸርች የተሰጠንን ካላንደር ቀና ብዬ ሳይ፣ አንድ ማክሰኞ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ናቲን "ይህ ምንድን ነው?" ማለት አቃተኝ። ይባስ ብሎ በሌላ ቀን ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ፣ ከግድግዳው ጀርባ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት።

"ማክሰኞ ነው አልኩህ፣ ምሽት አንድ ሰዓት! እኔማ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ማዘር እንዳትሰማ ብቻ፤ ከሰማች አለቀልኝ።"

እጄ ላይ ያለው አንሶላ መሬት ወደቀ። መልሼ አጠብኩት።

እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ አልጋው ሥር ፈለግኩ። ቦርሳ አገኘሁ። ውስጡ ሁለት እሽግ ብስኩት፣ አንድ ላስቲክ ቆሎ፣ የውሃ ኮዳ፣ ጃኬትና ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉበት ፓወር ባንክ አለ። ፓወር ባንኩ የእሱ አይደለም፣ ተውሶ ነው። ቁጭ አልኩ። የዛሬ ልጅ በሶ አይዝም፣ ብስኩት ነው የሚይዘው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሁሉንም እንደነበረ መልሼ ገበያ ሄድኩ። የዚያን ቀን ለሰው ስመዝን የኪሎው ድንጋይ ይሁን ሽንኩርቱ የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም።

በማግሥቱ የቸርቻችን ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ሎምበሶ ሄድኩ። የእሳቸውም ልጅ በዚያው መንገድ የሄደ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

"አትጠይቂው" አሉኝ። "ከጠየቅሽው ያፈጥነዋል። ማክሰኞ እኛ ቤትሽ እንመጣለን። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሳይመርቅ፣ ልጅ ተነስቶ ከቤት አይወጣም። አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው፤ ይቀመጣል። መኪናውም ያመልጠዋል።"

ማክሰኞ ደረሰ። ገበያ አልወጣሁም። ናቲ ከትምህርት ቤት ገብቶ ነጠላ ጫማ ሲያደርግ፣ ያለችውን አንድ ጫማ አንስቼ በሳሙና ውሃ ዘፈዘፍኳት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሎምበሶ ከእትዬ ብርሃኔ ጋር መጡ። እትዬ ብርሃኔ የጸሎት ቡድናችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲጸልዩ ጎረቤት ይሰማል። ናቲ እጅ አስታጠባቸው። እኔ እንጀራውንም ወጡንም አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ አቀረብኩ። እሱ በየደቂቃው ስልኩን ያያል። በሩንም ያያል። እኔ እሱን አያለሁ። እንዴት አጎቱን እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

ለአንድ ሰዓት ትንሽ ሲቀረው በር ተንኳኳ። የክፍል ጓደኛው ሙባረክ ነው፣ አባቱ መሃል ከተማ ሱቅ አላቸው። እንግዶቹን ሲያይ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠና "ናቲ፣ ባጃጁ ቆሟል እኮ" አለው በለሆሳስ።

"እማ፣ ለጥናት ሙባረክ ጋ..." ብሎ ናቲ ብድግ ሊል ሲል፣ ጋሽ ሎምበሶ እጃቸውን ዘረጉ።

"እንጸልይ!"

ናቲ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሙባረክም በሩ ላይ ቀረ።

"ጌታ ሆይ፣ የዚህን ልጅ መንገድ ዝጋ!" አሉ ጋሽ ሎምበሶ። "ሞያሌን ዝጋ! ድንበሩን ዝጋ! ደላላውን ያዝልን!"

"አሜን! እሰረው!" አሉ እትዬ ብርሃኔ።

ናቲ አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ደላላው ማነው?"

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። መሬት ቁጭ ብዬ እግሩን ያዝኩት። "ደቡብ አፍሪካ አትሂድብኝ! ቦርሳህን አይቻለሁ። እንደ ታምራት አታድርገኝ!" አልኩት። ለቅሶዬ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ናቲ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። አጠገቤ መሬት ተቀመጠ።

"እማ፣ ጌም ነው" አለኝ። "በእናትሽ፣ ጌም ብቻ ነው። በውጭ አገር ጌም የሚሠሩት ሁሉ ተሰብስበው አዲሶቹን የሚያሳዩበት ትልቅ ኤግዚቢሽን አለ። ዛሬ ነው። የሙባረክ አባት ሱቅ ዋይፋይ ስላለ እዚያ ልናይ ነበር።"

"ጌም ለማየት ስንቅ ይሰነቃል?" አሉ እትዬ ብርሃኔ።

"ረጅም ነው እትዬ" አለ ሙባረክ ከበሩ ላይ። "ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መብራትም ሊጠፋ ይችላል።"

ለምን እንደደበቀኝ ያኔ ገባኝ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ከጌም ቤት ጆሮውን ይዤ፣ ጓደኞቹ እያዩት፣ እስከ ቤት ድረስ አምጥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጌም የሚባል ቃል ቤታችን ተነስቶ አያውቅም።

ጋሽ ሎምበሶ መነጽራቸውን አወጡ። "አምጣው እስቲ፣ እዚሁ እንየው" አሉ።

ስልኩን በውሃ ጆግ አስደግፈን አምስታችን ዙሪያውን ተቀመጥን። በሞባይል ዳታ ስለሆነ ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል፤ መድረኩ ላይ አንድ ሰውዬ ወዲያ ወዲህ እያለ ያወራል።

"ሰርግ ነው እንዴ?" አሉ ጋሽ ሎምበሶ። "ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ጠበቃችሁት?"

"ዛሬ የሚያሳዩትን ጌም? አራት ዓመት" አለ ናቲ።

"ትገዙታላችሁ ታዲያ?"

"የት አግኝተን ጋሼ! ለማየት ነው።"

"ለማይበላ ነገር ደግሞ እንዲህ ይጾማል!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ከዚያ ሰውዬው አዲስ በእጅ የሚያዝ ጌም ከፍ አድርጎ አሳየ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ናቲና ሙባረክም ጮኹ። እኔ ያየሁት ግን የሰውዬውን እጆች ነው። በሁለት እጁ ይዞ አውራ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ልክ እንደ ታምራት።

ተነሳሁ። ሳጥኔን ከፍቼ ከሥር በሻሽ የተጠቀለለውን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ልጆቹ ስልኩን ረሱት። "ማዘር! ይሄን ከየት አመጡት?" አለ ሙባረክ። ናቲ አገላብጦ አየውና "ይሠራል?" አለኝ። የባትሪው ቤት ዝጓል። በቢላዋ ጫፍ ፋቀው። አንዱን ባትሪ ድንጋይ ከግድግዳው ሰዓት አወጣ፣ ሌላውን ጋሽ ሎምበሶ ለመመለሻ ከያዙት የእጅ ባትሪ ሰጡት። ማብሪያውን ሲጫነው፣ ያቺ ቀጭን ሙዚቃ ጮኸች። አሥራ ስድስት ዓመት ታፍና ከርማ ልክ እንደ ድሮዋ ጮኸች።

"ያንቺ ነው፣ ጀምሪ" አለኝ።

እኔ የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ ጣቶቼ ግን አልረሱም። ጡቡ ይወርዳል፣ እደረድራለሁ። እንባዬ ስክሪኑ ላይ ሲንጠባጠብ ናቲ በእጅጌው ይጠርግልኛል። እየተጫወትኩ ስለ ታምራት ነገርኩት። እስከዚያ ቀን "አጎትህ ውጭ አገር ነው" ከማለት በቀር ምንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ ሎምበሶ ድጋሚ ጸለዩ። "ጌታ ሆይ፣ ቅድም ዝጋ ያልንህን መንገድ ወደ ቤት ለሚመለሱት ክፈትላቸው" አሉ። ባጃጅ ድረስ በስልክ መብራት ሸኘናቸው። ናቲ ጫማው እርጥብ ስለነበር በነጠላ ጫማ ነው የሸኘው።

ከታምራት እስካሁን ወሬ የለም። እኔም አሁንም ፈሪ ነኝ፤ የናቲ ቦርሳ የከበደ ሲመስለኝ አነሳ አድርጌ አያለሁ። እሱ ያውቃል፣ ዝም ይለኛል። ለሰዓቱ ሌላ ባትሪ ድንጋይ ገዝተናል፣ የጌሙን ግን አላወጣንም። ከገበያ ስመለስ እየተቀማማን እንጫወታለን፤ ሳሸንፈው እሱም እንደ አጎቱ ይናደዳል።

ዘንድሮም አዲስ ጌም ይመጣል እየተባለ ነው። ባለፈው ሳምንት ካላንደሩ ላይ አንድ ቀን በቀይ ተከቦ አየሁ። ቀረብ ስል፣ ከክቡ አጠገብ እኔ ሳልቸገር እንዳነበው ፊደሉን ትልልቅ አድርጎ ጽፎልኛል፦ "ጌም ብቻ ነው እማ። እዚሁ ቤት።"