በፌሮ የወደቀው የአረፋ በሬ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰባት ሙስሊም ቤተሰቦች ሆነን በየአረፋው አንድ በሬ እንገዛለን። አራጁ አባቴ ነው። ለሚታረድ እንስሳ ውሃ ይሰጠዋል፣ ቢላዋ ፊቱ አይሳልም፣ እየተገፈተረ አይነዳም እያለ ነው ያሳደገን። እኔ ይህን ከሶላት ለይቼ አላየውም።

የአምናው በሬ ጉልበተኛ ነበር። ከአይሱዙው ወርዶ የጋራ ማረጃው በር ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልገባም አለ። አባቴ ተዉት፣ ይረጋጋ አላቸው። ከተካፋዮቹ አንዱ፣ ለቡ ሕንፃ የሚያሠራው ጎረቤታችን፣ እንግዶች እየጠበቁኝ ነው ብሎ ጅራቱን ጠመዘዘው። በሬው ሲራገጥበት ከመኪናው ፌሮ አምጥቶ ጀርባውን፣ ቀጥሎም የፊት ጉልበቱን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁት። በሬው በአፍንጫው ተደፋ፤ ሌሎቹ ወንዶች ቆመው ያያሉ።

ፌሮው እንደገና ሲነሳ አባቴ መሃል ገባ። ምቱ ቀኝ እጁ ላይ አረፈ፤ ኮቱ ሥር የደበቀው ቢላዋ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ደሜ ፈላ። ሮጬ ሰውየውን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ፌሮውን ቀምቼ አናቱን ልለው ስል አባቴ ጠራኝ።

«እሱን ተይው ልጄ። በሬው እየተሠቃየ ነው። ቢላዋውን አንሺ።»

በእኛ ሰፈር ሴት ዶሮ እንኳ አታርድም። ወንድ ቤት ከሌለ ዶሮዋን ይዛ መንገድ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች፤ እኔም ለምኛለሁ። አባቴ ግን ዲኑ ሴትን አልከለከለም አለኝና በግራ እጁ ቦታውን አሳየኝ። ሁለት ሰዎች ቀንዱን ይዘው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞሩልኝ። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ብዬ ቢላዋውን አንገቱ ላይ በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት። ትኩሱ ደም ፊቴንና ደረቴን ረጨኝ። ዓይኑ እስኪፈዝ ድረስ እያለቀስኩ አየሁት።

ሥጋው ተመድቦ ሲያልቅ ጎረቤታችን ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ሴት ያረደችው ሐላል ይሁን አይሁን ሼኽ ሳይጠየቅ ቤቴ አይገባም አለ።

«ጉልበቱን ስትሰብረው ማንን ጠይቀህ ነው?» አልኩት።

የሥጋ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። በሬውን ሲደበድብ ዝም ብለው ያዩት ሌሎቹም ተከትለውት አንድ በአንድ ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡ።