እህቴ ሽማግሌ ስትቀበል

ታላቅ እህቴ የተባለችውን ሁሉ ቃል በቃል ነው የምትሰማው። ጎረቤታችን ምግብ አቅርባ «አፈር ስሆን ቅመሺ» ስትላት፣ «መቼ ነው የምትሆኚው?» ብላ ጠይቃታለች። ሴትዮዋ ያን ቀን እህል አልወርድ አላት።

ባሕር ዳር ያየቻት ሐኪም «ኦቲዝም ነው፤ በሽታ አይደለም፤ አእምሮዋ የተሠራበት መንገድ ነው» ብላናለች። የእኛ የወረታ ሰው ግን መድኃኒት ማዘዝ ይወዳል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዷት ተባልን፤ ወሰድናት። ንጹሕ ሆና ተመለሰች። ሌላ ለውጥ አላየንም።

ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ እኔን የሚጠይቅ ሽማግሌ እንደሚላክ ተሰማና አባቴ እንቅልፍ አጣ። እጮኛዬ እህቴን ያውቃታል፣ ይወዳታልም፤ አባቴ የፈራው ሽማግሌዎቹን ነው። «ታላቂቱን ካዩ ‹በዘር ያለ ነገር ነው› ብለው ትተውን ይሄዳሉ» አለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሑድ አክስቴ ሐሙሲት ከተማ ወስዳ ይዛት እንድትውል ወሰነ። እኔ ተናደድሁ፣ እናቴ አለቀሰች፤ የሰማን የለም።

ሽማግሌዎቹ የፎገራን አቧራ ከጫማቸው አራግፈው ገቡ። እኔና እናቴ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆመናል። አባቴ ምንም እንደማያውቅ ሰው «ምን እግር ጣላችሁ?» አለ።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣን» አሉ።

አባቴም እንደ ወጉ ፊቱን አጨፍግጎ «ልጄ ገና ናት። ዘመድ ላማክር፤ ሌላ ቀን ኑ» አለ።

«ትናንት እሺ ብለሃል እኮ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

እህቴ ናት። የሐሙሲቱ ሚኒባስ ሙዚቃውን ሲያስጮኸው ጆሮዋን ይዛ መናኸሪያው ላይ ወርዳለች፤ አክስቴን እዚያው ጥላ በእግሯ መጥታለች።

«እሺ ብለሃል» አለች ደግማ። «በግም ገዝተሃል። ጓሮ ነው።»

በጉም አልካደም፤ ከጓሮ ጮኸ።

የመጋረጃውን ጫፍ ነክሼ ሳቄን ያዝሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ትልቁ «ይህች ልጅ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ሳቄ ጠፋ።

«የጎረቤት...» አለ አባቴ።

«ያንተ ነኝ» አለች እህቴ። አልተቆጣችም፤ የተሳሳተ ሰው ማረሟ ነበር።

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው። አባቴ ወደ እሷ ዞር አለ።

«የኔ ናት» አለ። «የበኩር ልጄ ናት። ኦቲዝም አለባት። እንዳታዩብኝ ብዬ ከቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ። መመለስም ከፈለጋችሁ መንገዱ ያውላችሁ።»

ጓዳ ሆኜ ለትዳሬ መጨነቄን ረሳሁት። አባቴን ሮጬ ባቅፈው ደስ ባለኝ።

ትልቁ ሽማግሌ «ታዲያ ታላቂቱ ቆማ እኛ እንቀመጣለን?» አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«አልቀመጥም። ጋቢህ ይሸታል» አለች። እሷ ዘንድ አንድ ሰው «አንተ» ነው፤ «እርስዎ» የሚባል የለም።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ።

«እውነቷን ነው» አሉ። አውልቀው በረንዳ ላይ ሰቀሉትና ተመልሰው በሸሚዝ ተቀመጡ። እህቴም አጠገባቸው ተቀመጠች።