ሦስት የካምፒንግ ክለቦችና የእማዬ ጥያቄ

ፈሪ መሆኔን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ዉድበሪ በሚባል ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ስሠራ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከምንኖርበት ከአፕል ቫሊ እየተመላለስኩ እስከ ዛሬ የሃይዌዩን ፈጣን ግራ መስመር ይዤ አላውቅም። ባለቤቴ ግርማ ደግሞ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ከኤርፖርት ሆቴል መንገደኛ ሲያመላልስ ይውልና ቤት ሲገባ ሌላ ጉዞ የሚያምረው ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2018 ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአንድ ጡረተኛ አልጋና ምድጃ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ያረጀ ትሬለር ገዝቶ ደጃችን ላይ አቆመው። "ተንቀሳቃሽ ቤት ነው" አለኝ። ቤት ለምን ይንቀሳቀሳል ብዬ ብጠይቀው ጎማውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ።

ለካ ትሬለር መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ክለብ መግባት የሚባል ነገር አለ። ግርማ ሦስት ፎርም ይዞ መጣ። አንደኛው ትሬለር አቁመው የሚያድሩባቸው የራሱ የካምፒንግ ፓርኮች ያሉት ትልቅ ክለብ ነው። ሁለተኛው በየፓርኩ ዋጋ የሚያስቀንስ ካርድ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ሦስተኛው በወር አንዴ አብረው የሚወጡ ባለትሬለሮች ያቋቋሙት ትንሽ ክለብ ነው። ትልቁ ክለብ አንድ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ በነፃ ጋበዘን፤ ትንሹም በዚያው ሰሞን በዚያው ፓርክ አንድ ረድፍ ተከራይቶ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይተን ልንወስን ተነሣን።

እማዬ አብራን ትኖራለች፤ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ግርማ እራት ላይ ፎርሞቹን ሲያስረዳት ለእያንዳንዱ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ "ሰው ቢታመም ይመጣሉ?"

"እማማ፣ ይሄ እኮ ዕድር አይደለም" አላት እየሳቀ።

"ከፍለህ አባል የምትሆንበት ነገር ዕድር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?" አለችው።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ትሬለሩን መኪናው ላይ አሰርን። ሰንሰለቱን ሦስት ጊዜ ነካክቼ አየሁት። ከሴንት ፖል ወጥተን ወደ ሰሜን ስንይዝ ነፋስ ተነሣ፤ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ባለፉን ቁጥር ትሬለሩ ከኋላ ይወዛወዛል። ወሬኛው ግርማ ሬዲዮውን አጥፍቶ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ይሄ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። እማዬ ከኋላ ሆና ዳዊቷን ትደግማለች።

ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን ከቤት የያዝነውን ጨጨብሳ መኪናው ውስጥ ስንበላ፣ አንድ ጺማም ሰው ከፒክአፑ ወርዶ ትክ ብሎ አየን። ከዚያ ወደ እኛ መጣ። የበሩን ቁልፍ ተጫንኩት። ሰውየው መስኮቱን ቆረቆረና "የግራ መብራታችሁ አይሠራም" ብሎን ሄደ።

ስድስት ሰዓት

ፓርኩ ሐይቅ ዳር፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነው። መግቢያው ላይ የድብ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ አለ፤ ምግብ ውጭ አትተዉ ይላል። እማዬ ብቻዋን እንዳትወጣ ብዬ ወዲያው ወሰንኩ። ዝናብ ጀመረ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የትሬለሩ ማሞቂያ አልነሣም አለ። ስለዚህ የጋዝ ምድጃውን ሁለቱንም ማንደጃ ለኮስናቸው። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ቢጫ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ሞቀን።

"ከላይ ንፋስ ይገባል" አለች እማዬ።

መቼም የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ጠላት ነው የሚታየው። አልጋ ላይ ቆሜ የጣሪያውን መተንፈሻ በነጠላ ጠቀጠቅኩት። የምድጃውን ጭስ ማውጫ በፎጣ፣ የበሩን ሥር በግርማ ሹራብ ደፈንኩ። አንዲት ቀዳዳ አላስቀረሁም። የጋዝ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ገና ደጃችን ላይ ሽንኩርት ስናቁላላ እየጮኸ አላስበላ ብሎን፣ ግርማ ባትሪውን አውጥቶ የቤት መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት

የነፃው ግብዣ ሕግ አለው፤ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ስለ ክለቡ የሚሰጠውን ፕሬዘንቴሽን መስማት አለባቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ራሴን ይፈልጠኝ ነበር፤ ጠዋት ቡና ስላልጠጣሁ ነው ብዬ ተውኩት።

"ሂዱ፣ እኔ ጋደም ልበል፤ ራሴን ይዞኛል" አለች እማዬ።

"በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ" አልኳት። ድቡንም ሰዉንም አስቤ ነው።

አባልነት ሻጩ ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ጥሩ የሚናገር ወጣት ነው። ካርታ ላይ የየስቴቱን ፓርክ ያሳየናል። እኔ የማስበው እማዬ ብትወጣ፣ ድቡ ቢመጣ እያልኩ ነው። ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ያ ራስ ምታት ለቀቀኝ" አለኝ።

"አንተንም አሞህ ነበር?"

"ከምሳ ጀምሮ።"

እኔንም ለቆኝ ነበር። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ራስ ምታት። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ሥራ ቦታ ይህንኑ ያሠለጥኑናል፤ አንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ ራሴን ካሉ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ነውና መጀመሪያ መስኮት ክፈቱ ይሉናል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ደፍኜ መጣሁ። ብድግ አልኩ። ሻጩ አሁን ከወጡ ግብዣው ይሰረዛል ሲል ይሰማኛል። እየሮጥኩ ነበር።

ስደርስ የትሬለሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው። ምድጃው ጠፍቷል፣ ነጠላዬ መሬት ላይ ወድቋል። እናቴን የገደልኳት መሰለኝ፤ እንዲያም ሆኖ፣ አታምኑኝም፣ ድቡ ትዝ አለኝ።

ከሚቀጥለው ረድፍ "የት ሄዳችሁ ነው?" የሚል የእማዬ ድምፅ ሰማሁ። ሸራ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የሰው ጃኬት ደርባ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። አስመልሷታል። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ እጇን ይዛታለች።

ሊንዳ ትባላለች፤ የትንሹ ክለብ ሰው ናት። "አዲስ ሰው ሲመጣ በር ማንኳኳት ልማዳችን ነው" አለችኝ። ስታንኳኳ እማዬ ከፈተችላትና እዚያው በጉልበቷ ወደቀች። ሊንዳ አውጥታት፣ ምድጃውን አጥፍታ፣ ነጠላውን ከመተንፈሻው ነቅላ፣ አምቡላንስ ጠርታለች። ከዚያ ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፤ "ያንን ሁሉ ቀዳዳ የደፈነው ማን ነው?"

እማዬ ቀድማኝ ያለቻትን ጥቂት እንግሊዝኛ አሰባስባ እጇን አነሣች። "ሚ" አለች። "አይ ዱ።"

ጥፋቴን በራሷ ስታደርገው እኔም አላረምኳትም።

ሆስፒታል

ቅርብ ወዳለችው ከተማ ወስደው ኦክስጅን አደረጉላት፤ እኔንና ግርማንም መረመሩን። ሐኪሙ "ትንሽ ቢቆይ ኖሮ" አለና ሳይጨርሰው ወጣ። ወደ ማታ የፊቷ ቀለም ተመለሰ።

"እማዬ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ ብዬሽ አልነበር?"

"ሰው እኮ ነው ያንኳኳው" አለችኝ።

እግሯን ይዤ አለቀስኩ። "ይብቃሽ፣ ሙቀት ብለሽ ነው" አለችኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ከሆስፒታል ስንመለስ፣ ግብዣችን ተሰርዞ ስለነበር ትሬለራችንን የትንሹ ክለብ ረድፍ ላይ አስጠጋን። ሊንዳ ዘንድ ሄጄ "የደፈንኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ እናትሽ ጣሪያው ጋ አትደርስም" አለች።

የራሷን ትርፍ የጋዝ ማስጠንቀቂያ አምጥታ ግድግዳችን ላይ ሰቀለችው፤ ግርማ አጠገቧ እንደ ተማሪ ቆሟል። ስለ ክለቦቹም ጠየቅናት። ትልቁ ክለብ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ነው፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ለምትወጡት ለእናንተ ይበዛባችኋል አለችን። ካርዱም ቶሎ ቶሎ የምትወጡ ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጣችሁ፣ ለጊዜው ይቆይ አለች። ስለ ራሷ ክለብ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም።

እሁድ፣ አፕል ቫሊ

ስንመለስም ነፋሱ ነበር፣ የጭነት መኪኖቹም ነበሩ፤ ያው ፈራሁ። ቤት እንደገባን ግርማ የትልቁን ክለብ ፎርም ቀደደው፣ የካርዱን ፎርም መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያው መሳቢያ ያቺን ባትሪ አወጣ። የትንሹን ፎርም እኔው ሞላሁት።

"ታዲያ የትኛውን ያዛችሁ?" አለች እማዬ ከሶፋው።

"በር የሚያንኳኩትን።"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች። "የወጥ ቤቱ መስኮት ንፋስ ያስገባል፤ ዝጊው እንጂ" አለችኝ።

ተነሥቼ ሄድኩ። እጄ እንደ ልማዱ መስኮቱን ገፋው፤ ሊገጥም አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ተውኩት።

"ትንሽ ይግባ፣ እማዬ" አልኳት።