በራሱ ትንፋሽ

ሙሰበህ ቢን ራሺድ ሰላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቦቴ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ በዓረብ በረሃ፣ ሊዋ አሸዋ ውስጥ ተወልዶ ሊዋ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጩን መኪናውን በጠዊላ አናት አሳልፎ ማዶ መውረድ። ጠዊላ ከሰፈሩ በስተደቡብ የቆመች የአሸዋ ተራራ ናት። አምስት ክረምት ሞከራት። በአምስቱም አንድ መኪና የሚያህል ርቀት ሲቀረው ጎማው አሸዋ እየዛቀ ቆመበት።

ወጣቶቹ የሚያስገጥሙት ቱርቦ ነው፣ በጭስ ማውጫው ትንፋሽ የሚዞረውን። እሱ የሚወደው ሱፐርቻርጀሩን ነው፤ “ወናፌ” ይለዋል። ወናፉ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ አብሮት ይዞራል፤ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይጠቀጥቃል። አየሩ ሲበዛ የሚቃጠለው ቤንዚን ይበዛል፤ ነዳጅ ገና ሲሰጡት መኪናው ይዘላል። ሙሰበህን የሚያስደንቀው ግን ወናፉን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ መሆኑ ነው። ከሚያለከልክ ደረት ላይ ትንፋሽ ወስዶ፣ መልሶ ለዚያው ደረት አብዝቶ የሚሰጥ ብረት! ይህን ባሰበ ቁጥር የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ዝም ብሎ ያየዋል።

ወናፉ ይበልጥ እንዲፈጥን በየዓመቱ ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር በትንሽ መዘውር ይቀይራል። መኪናው ደግሞ በየዓመቱ እዚያችው ቦታ ላይ ይቆማል። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት መጅሊስ ውስጥ ሲስቁበት ንዴቱ አፉን ቀደመው፦

“በወሩ መጨረሻ ዓርብ በራሱ ትንፋሽ ካልወጣ፣ ወናፉን በገዛ እጄ እፈታዋለሁ!”

ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ቃል ሆነ።

ያቺ ዓርብ ደረሰች። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ከእህቱ ልጅ ከጋኒም ጋር ጠዊላ ሥር ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሰበህ ወርዶ አንድ በአንድ በአገሩ ሰላምታ አፍንጫ ለአፍንጫ ነካካቸው፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ግመሎቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀ፤ ተጠየቀ። መኪናው ቆሞ ይንተከተካል። እዚህ አገር ሰላም ለማለት ብሎ ሞተር የሚያጠፋ የለም።

ከዚያ የጎማዎቹን አየር አጎድሎ ሽቅብ ነዳ። ሁለት መኪና የሚያህል ሲቀረው ቆመ። ከበፊቱም ባሰ።

“ይሄ የተረገመ!” መሪውን በጡጫ መታው።

“አጎቴ፣ ይቺን ይዩዋት፤” አለ ጋኒም። ትናንት ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት የምትለካ ሰዓት ገጥሞ ነበር። “ስንደርስ አርባ ነበረች። ሰላምታው ሲያልቅ ሰማንያ።”

“እና?”

“የጋለ አየር ስስ ነው። ሞተሩ እንዳይቃጠል ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል። መዘውሩን ባሳነሱት ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።”

“አምስት ዓመት ሙሉ... ሰላምታ ነው የያዘኝ?”

“ሰላምታው ሳይሆን ቆሞ መንተክተኩ።”

ሙሰበህ የኋላ ማርሽ አስገባ። አምስት ክረምት መፍቻ ይዞ መኪና ሥር የተጋደመበት ጀርባው አሁን አመመው። ቁልቁል ወርዶ በሜዳው ላይ እየበረረ ሞተሩን ንፋስ አጠጣው። የሰዓቷ መርፌ ቀስ እያለች ወረደች፤ አርባ አምስት ላይ ስትደርስ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ጠዊላ አዞረ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለስ አይተው ደግመው ሊቀበሉት ተነሡ። ሽማግሌው ሱሃይል እጁን ዘረጋ። ሙሰበህ በሕይወቱ ሰው አልፎ ሄዶ አያውቅም። ዓይኑን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ አቧራውን አልብሷቸው አለፈ።

“አላህ ይቅር ይበለኝ!”

ወናፉ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቶት አያውቅም። መኪናው ለሦስት ሰዎች የሚበቃ ሳንባ እንዳበቀለ ሁሉ ሽቅብ ተወረወረ፤ የፊት ጎማዎቹ ጫፉን ዘለው ማዶውን አዩ። ከዚያ ሆዱ በአናቷ ስለት ላይ አረፈ። አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ቀሩ። ሙሰበህና ጋኒም እንደ ሚዛን ወደ ፊት ወደ ኋላ ተወዛወዙ።

ከሥር ጩኸት ተነሣ።

“ወጣ!”

“ምኑ ወጣ? ተሰቀለ እንጂ!”

“ሰላም ሳይል ያለፈ ወጣ አይባልም!” የሱሃይል ድምፅ ነበር። ሳቁ እስከ አናቷ ድረስ ተሰማ።

ጋኒም ዘሎ ወረደ። አሸዋ ቢይዛቸው ሊጎትት ማዶ ሲጠብቅ የነበረ የጋኒም ጓደኛ መኪና ወደ እነሱ ቀረበ።

“አጎቴ፣ ገመዱን ከፊት ልሰረው? አንድ ክንድ ብንጎትተው እኮ ማዶ ነው። ማን ያያል?”

ሙሰበህ በፊት መስታወቱ ፀሐይ የምትወርድበትን ማዶ አየ። ስድሳ ሜትር ለስላሳ ቁልቁለት ነበር፤ የእሱ ጎማ ነክቶት የማያውቅ። አሁን ምክንያቱን ያውቃል። ሌላ ዓርብ ቢሰጡት፣ አንድ ዓርብ ብቻ!

“በራሱ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤” አለ። “ጓደኛህ ወደ መጣንበት ይዙር፤ ከኋላ እሰረው።”

“አጎቴ...”

“ከኋላ ብዬሃለሁ! የመፍቻ ሳጥኑንም አውጣልኝ።”