ተዋጊውን ሳያነሳ አይሄድም

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በዮርዳኖስ ጌም ቤት ያለው፣ ሳንቲም የሚጎርሰው አሮጌ የጌም ማሽን በተበላሸ ቁጥር አንድ ጠጋኝ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ይመጣል። ዮርዳኖስ ስሙን ጠይቃው አታውቅም። እጅጌው የነተበ የወታደር ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ የማሽኑን ቦርድ ጭኑ ላይ አጋድሞ አቧራውን እፍ ይላል። ቦርዱ ላይ የተደረደሩትን ቺፖች እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ፣ ከሌሎቹ ይበልጥ የጋለውን ነቅሎ ይቀይራል። በቦርዱ ጠርዝ ያለውን የጠቆረ የመዳብ ጥርስ በተማሪ ላጲስ ያሸዋል።

«ሻይ ልዘዝልዎ፣ ጋሼ?»

«ከሥራ በኋላ።»

ከሥራ በኋላም አይጠጣም።

ማሽኑ ሲነሳ ለሙከራ ይጫወታል፤ እጁ ለመጠገን እንጂ ለመጫወት አይሆንምና ወዲያው ይሸነፋል። ስክሪኑ ላይ የሚያጫውተው ተዋጊ ሲወድቅበት ከኪሱ ሌላ ሳንቲም አውጥቶ ይከትና ያስነሳዋል። ከዚያ የመጫወቻውን እጀታ ለቆ ዕቃውን ይሰበስባል።

«መሥራቱን አዩ፤ ደግሞ ሳንቲምዎን ለምን ያባክናሉ?» አለችው አንድ ቀን።

«ወድቆ ትቼው አልሄድም» አላት፣ ካፖርቱን እየቆለፈ። «አንዱን ጦር ሜዳ ላይ ትቼ መጥቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

እጀታውን የሚይዝ ስለሌለ፣ ጠጋኙ መናኸሪያ ሳይደርስ ተዋጊው ተመልሶ ይወድቃል። ዮርዳኖስ ይህን ነግራው አታውቅም።